ለሚስቴ ጥርስ ዋስ የሆንኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን፣ ቆቦ መንገድ ዳር ልብስ ስሰፋ በነበረበት ጊዜ ነው። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም ነበር። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህን ያልረሳሁት ንዴቱ እስካሁን ስላልወጣልኝ ነው። ዛሬም በጥርስ ሐኪም ቤት ደጅ ባለፍኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ያኔ ቆቦ ውስጥ አንድ ጥርስ ነቃይ ነበር። ጦር ሠራዊት ውስጥ ቁስል ሲያጥብ ቆይቶ የተሰናበተ ሰው ነው። ለምን እንደተሰናበተ እሱም አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅነውም። ነጭ ካፖርት ለበሰ፣ ዶክተር ተባለ፣ አለቀ። ሌሎቹ ነቃዮች በጉጠት እየጎተቱ ሰው ሲያስጮሁ፣ የኛው ዶክተር ግን የሚያስተኛ መድኃኒት ነበረው። በጠርሙስ ነው፤ ሽታው ከመንገድ ማዶ ይጣራል። የሻይ ማጥለያ ላይ ጥጥ ያደርግና፣ ከጠርሙሱ ያንጠባጥብበትና፣ አፍንጫ ላይ ይደፋዋል። ምን ያህል እንደሚበቃ የሚለካው በዓይኑ ነው። ለቀጭኑም ለወፍራሙም ያው ነው።

አንድ ጊዜ ከዋጃ የመጣ ገበሬ በጠዋት እንደተኛ ሳይነሳ ዋለ። ዘመዶቹ ጠመንጃቸውን ይዘው መጥተው ደጁ ላይ ቁጭ አሉ። ደግነቱ ሰውየው ጀምበር ስትጠልቅ ተነስቶ ውሃ ጠየቀ። ዶክተሩ ክፉኛ ደነገጠ። የደነገጠው ለገበሬው እንዳይመስላችሁ። በማግስቱ ሹሙ ዘንድ ሄዶ "ደንብ ይውጣልኝ" አለ።

ደንብ ወጣለት። ምን ያህል ያንጠባጥብ፣ የተኛው ሰው አልነሳ ቢል ምን ያድርግ የሚል መሰላችሁ? እሱን ማን ጠይቆት። በገበያ ቀን ለፋፊው ወጥቶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጥርሱን ተኝቶ የሚያስነቅል ሁሉ ዋስ ይጥራ ብሎ ለፈፈ። ዋሱ በሰው ፊት ቆሞ፣ የተኛው ባይነሳ ደሙን አልጠይቅም ብሎ ቃሉን ይሰጣል። እኛ አገር በሬ ሲሸጥም ሰው ሲታሰርም ዋስ መጥራት የተለመደ ነው። ስለዚህ ማንም አልገረመውም። እንዲያውም "አሁን ገና ሥርዓት ያዘ" ብለው ያመሰገኑ ነበሩ። ሥርዓት አሉት እንግዲህ።

ባለቤቴ ፋጡማ መንጋጋዋን የታመመችው ከዚህ በኋላ ነው። ጉንጯ አብጦ ዓይኗን ሊከድናት ደረሰ። እህል ካፏ ከገባ ሰነበተ። ደሴ ሆስፒታል እንዳልወስዳት፣ በዚያ ሁኔታዋ ጭነት መኪና ላይ ማንገላታቱ አሳዘነኝ። ዶክተሩን ሄጄ አነጋገርኩት። "ነገ በጠዋት አምጣት። ባዶ ሆዷን እንዳትመጣ፣ አቅም እንዲኖራት በደንብ ትብላ" አለኝ።

አማቴ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። በኛ በራያ ደም የሚፈሰው ሰው ሳይጠግብ አይነካም። የማሽላ ገንፎ አገንፍታ በቅቤ አራሰችው፣ ከአፋሮቹ የግመል ወተት አስመጣች። ፋጡማ በቃኝ ስትል "ዋጪው የኔ ልጅ፣ ቢስሚላህ በይ" እያለች ትጨምርላታለች። ከዓመታት በኋላ ሆስፒታል የሚሠራ ሰው እንዳጫወተኝ፣ እንዲያ ያለ መድኃኒት የሚሰጠው ሰው እህል መቅመስ የለበትም። ሆዱ ውስጥ ያለው ሽቅብ ወጥቶ ያንቀዋል። ዶክተር ተብዬው ይህን አያውቅም፣ ደንቡም እወቅ አላለውም።

ስንደርስ ክፍሉ በተመልካች ሞልቷል። ዶክተሩ ፋጡማን ወንበር ላይ አስቀመጣትና እኔን አጠገቧ አቆመኝ። "በል ዋስነትህን ተናገር" አለኝ።

"ፋጡማ ተኝታ ባትነሳ ደሟን ከማንም አልጠይቅም፣ ዋስ ነኝ" አልኩ። እሷ እዚያው ተቀምጣ እየሰማች ነው እኮ። ቀና ብላ አየችኝና ዓይኗን መለሰች።

እኔን ወደ ተመልካቹ መሀል ገፋ አድርጎ ማጥለያውን ደፋባት። ትንሽ ተንፈራገጠች፣ ከዚያ እጇ ወደቀ። ዶክተሩ ጉጠቱን አስገብቶ ታገለ፣ ታገለና ጥርሱን አወጣው። ለተመልካቹ ከፍ አድርጎ አሳየ። ሰውም ጉድ አለ። እሱ የነቀለውን ጥርስ ሲያሳይ የፋጡማ ጉሮሮ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ገንፎው በአፏ ጥግ ወጣ። ደረቷ ይታገላል፣ ትንፋሽ ግን የለም። ከንፈሯ ጠቆረ።

ዶክተሩ ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ወደ ኋላ ሸሸት አለ። ዓይኑን ከሷ ላይ አንስቶ በሰው መሀል እኔን ይፈልግ ጀመር። "ዋሷ የታለ? ዋሷን እንዳትለቁት" አለ። ጉጠቱን እንኳ ከእጁ አላስቀመጠም።

እኔ አድናታለሁ ብዬ አይደለም፣ ወላሂ የማውቀው ነገር አልነበረም። ሞታለች ብዬ ነው። ሬሳዋ እዚያ ሰውዬ ፊት እንዳይቀር ብዬ ብድግ አደረግኋት፣ እንደ ማሽላ ጆንያ ትከሻዬ ላይ ጣልኳትና ሰውን እየገፋሁ ወጣሁ። ጭንቅላቷ ጀርባዬ ላይ ተዘቅዝቋል። አማቴ እየጮኸች ትከተለኛለች። መንገዱን ሳልሻገር ጀርባዬን ሞቀኝ። ወተቱም፣ ገንፎውም፣ ደሙም ሸሚዜ ላይ ወረደ። ከዚያ ፋጡማ ሳለች።

መንገድ ዳር አስቀመጥኳት። አማቴ አፏን በሻሿ ጠራረገችላት። ትንፋሿ እየቆየ፣ እየቆየ ተመለሰ። አልሐምዱሊላህ። እኔ እዚያው አፈር ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ትንሽ ስታገግም ሹሙ ዘንድ አቤት ልል ሄድኩ። ጉዳዬን ሰምተው "ዋስ ሆነህ ነበር?" አሉኝ። አዎ አልኩ። "ልጅቱስ ተነስታለች?" አሉኝ። ተነስታለች አልኩ። "እንግዲያው ደንቡ ሠርቷል፣ ምን ቀረህ?" ብለው አሰናበቱኝ። በሚቀጥለው ገበያ ለፋፊው እንደገና ወጣ። ዋስ የሆነ ሰው የተኛውን እንዳይነካ፣ ተሸክሞም እንዳይሄድ ተከልክሏል አለ። ስሜን አልጠራም እንጂ ለኔው የወጣ ነው። የተማረ አእምሮ አስቦ አስቦ የደረሰበት ይህ ነው።

ጥቂት ወራት እንደቆየ የሹሙ የራሳቸው ጉንጭ አበጠ። ታዲያ ደንብ ያወጡለት ዶክተር ጋ የሄዱ ይመስላችኋል? ፊታቸውን በሻሽ ጠቅልለው የጭነት መኪና ጋቢና ገቡና፣ ቆቦ በሙሉ እያየ ወደ ደሴ ነጎዱ። ጎብዬ ከተማ እስኪደርሱ ሲያቃስቱ ነበር ብሎ ሾፌሩ ሲመለስ አወራ። እኔም ስፌቴን ትቼ እስኪበቃኝ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ንዴቴን አልወሰደልኝም።

ፋጡማ ዛሬ የልጅ ልጆቿን አቅፋለች። ዶክተሩን ቆቦን ለቅቆ ከሄደ በኋላ አንድ ጊዜ ጎብዬ ገበያ ላይ አግኝተነው ነበር። እሷ "ደህና ነህ ወይ? ልጆችህስ ደህና ናቸው?" ብላ ሰላም አለችው። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ይህን እያነሳች ዛሬም ትቆጣኛለች፤ "አላህ ካተረፈኝ አንተን ምን አስጨነቀህ? እለፈው" ትለኛለች። እንዴት ብዬ ነው የማልፈው? እሷ ተኝታ ነበር። እሷ ስትታነቅ ሰውየው ዓይኑን ከሷ አንስቶ እኔን ሲፈልግ ያየሁት እኔ ነኝ።