ቆመው ፒያኖ የተማሩት መሪጌታ ጥሩነህ

ወንድሜ መሪጌታ ጥሩነህ ባለፈው እሑድ ጧት፣ ገና ቅዳሴ ሳይወጣ፣ በእናታችን ቤት አርፈዋል። በዕለቱ ቀበርናቸው። የጥቅምት ዝናብ መንገዱን አበላሽቶት ስለነበር ከእንጅባራ በኩል በፈረስ የመጡት ዘመዶቻችን የደረሱት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። ከእናንተም መሞታቸውን እስካሁን ያልሰማችሁ ትኖራላችሁ። ከእርሳቸው ዘንድ ዜማ ተምራችሁ በየደብሩ የተበተናችሁ፣ በዳንግላ ትምህርት ቤት ያወቃችኋቸው፣ ገበያ ላይ የሳቃችሁባቸውም ብትሆኑ፣ የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። ቃል ሲጠፋኝ ታገሡኝ።

ወንድሜ ስል አባቴ ማለቴም ነው። አባታችን ሲሞቱ እኔ ገና የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። «አያ» እላቸው ነበር።

የደብራችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ክረምት ዝናቡ ሲወርድበት የከበሮው ድምፅ እንኳ ይዋጣል። የአያ ድምፅ ግን ይሰማ ነበር። ይጮኹ ነበር ማለቴ አይደለም። እንዴት እንደሆነ መግለጽ ያቅተኛል። ዝናቡ ለእርሳቸው ገለል ያለላቸው ይመስል ነበር።

ተማሪዎቻቸው ሲያስቸግሩ አይመቱም። አንድ አራራይ የሚባለውን ዜማ መያዝ ያቃተው ልጅ ነበር፤ ጓደኞቹ ሲስቁበት አልቅሶ ሊሄድ ጓዙን አሰረ። አያ ጓዙን ፈተው አስቀመጡለትና «አንተ አልዘገየህም፤ ዜማዋ ናት የቸኮለችው። ቆመን እንጠብቃት» አሉት። ያ ልጅ ዛሬ የአንድ ደብር መምህር ነው። ይህን ሲያነብ ራሱን ያውቃል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን በማሕሌተ ጽጌ ውስጥ ባለች በአንዲት የዜማ ሐረግ ነበር። ሐረጊቱን ሁሉም ይላታል፤ መሪጌታ የነበሩት አባታችን ግን መጨረሻዋ ላይ አንዲትን ድምፅ ትንሽ ዘንበል ያደርጓት ነበር። ከአባታችን በቀር እንደዚያ የሚላት አልነበረም፤ ከእርሳቸው በኋላም አያ ብቻ ቀሩ። ተማሪዎቻቸው ደጋግመው ሞክረዋል፤ አልያዟትም። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ትምህርት እንድማር ብለው ደብረ ማርቆስ ልከውኝ ስለነበር ዜማ አልተማርኩም።

ድምፃቸው የጠፋው ካቻምና በጥምቀት ቀን ነው። ታቦቱ ከወንዙ ሲመለስ፣ ሕዝቡ መካከል እያሉ፣ ድምፃቸው እንደ አሮጌ ሸማ ተቀደደ። ልጆች ሳቁ። አያም ፈገግ አሉ፤ ጉንፋን መስሏቸው ነበር። ወሩ ሲያልፍ ምራቅ መዋጥ አቃታቸው፤ ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለ ነገር ተገኘ፤ ቆርጠው አወጡላቸው። ሲመለሱ የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ለእናታችን «ድኛለሁ» አሏቸው። ለእኔ ግን በር ላይ ቆመው ሐኪሙ ያላቸውን ነገሩኝ። ነገሩ ተመልሶ ይበቅላል፤ ያን ጊዜ አይቆረጥም።

ተማሪዎቻቸው አንድ አንድ እያሉ ሌላ መምህር ፍለጋ ሄዱ። አልፈርድባቸውም፤ ዜማ በሹክሹክታ አይማሩትም። አያ ማሕሌት መቆም አልተዉም። መቋሚያቸውን ይዘው ከሌሎቹ ጋር ይወዘወዛሉ፤ አፋቸው ግን ዝግ ነው። የጽጌዋ ሐረግ ስትደርስ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ያን ማየት አልችልም ነበር።

ዳንግላ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ ድሮ እዚያ ይኖር የነበረ ፈረንጅ ትቶት የሄደ ፒያኖ አለ። አንድ እግሩን ምስጥ በልቶታል፤ አንዳንዱ ቁልፉም ሲነካ መልስ አይሰጥም። ወይዘሮ ማሪያማ የሚባሉ የሕንድ አገር መምህርት ልጆቹን መዝሙር ያስጠኑበታል። አያ ለሌላ ጉዳይ ሄደው ከመስኮቱ ውጪ ሰሙት። ልጆቹ እስኪወጡ ጠበቁና ገብተው እጅ ነሡ።

ወይዘሮ ማሪያማ አማርኛ ይናገራሉ፤ አንቱታውን ግን አልለመዱትም።

«ማን ሊማር ነው? ልጅህ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ! ስንት ዓመትህ ነው?»

«አርባን አልፌያለሁ» አሏቸው በሹክሹክታ። «ጣቶቼ ግን ገና ዛሬ መወለዳቸው ነው።»

ወይዘሮዋ ሳቁና ወንበሩን አሳዩዋቸው። አያ ግን ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ከፒያኖው ፊት ቆሙ፤ መቋሚያቸውን በግራ ብብታቸው ያዙ፤ ጎንበስ ብለው በቀኝ እጃቸው ቁልፉን ነኩ።

«ተቀመጥ እንጂ!»

«ዜማ ቆሞ ነው።»

«ይህ ዜማ አይደለም፤ ፒያኖ ነው።»

«ድምፅ ካለው ዜማ ነው። ተቀምጬ አልለውም።»

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የተሸነፉት መምህርቷ ናቸው። የአያ ወገብ እንዳይጎዳ ብለው የትምህርት ቤቱን አናጢ አስጠርተው ፒያኖውን በግንዲላ ላይ አስቆሙት። ለራሳቸውም ከፍ ያለ መቀመጫ አሠሩ። አያ በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤታችን ዳንግላ ድረስ በእግራቸው እየሄዱ በቀኝ እጃቸው ብቻ መማር ጀመሩ። እርሻና ብራና የለመዱ ጣቶች ናቸው፤ አንዱን ቁልፍ ሲነኩ ሁለቱን ይጫናሉ። ሲያቅታቸው ለዚያ ልጅ ያሉትን ለራሳቸው ይሉታል፤ «ዜማዋ ናት የቸኮለችው።» ቤት ሲመጡ ደግሞ «ከእናቴ ሌላ አንተ የምትለኝ ሴት እሷ ብቻ ናት፤ ልጅ ሆንኩ» እያሉ ይስቁ ነበር።

እናታችን ግን አልሳቁም። አያ የፒያኖውን ቁልፎች በሳንዱቃችን ክዳን ላይ በከሰል ሥለው በጣታቸው ይለማመዱ ነበር። እናታችን ሲናደዱ አዊኛው ይቀናቸዋል፤ ያን ቀንም መጀመሪያ በአዊኛ ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሱ።

«ሳንዱቄ ምን አድርጎህ ነው የምትደበድበው? የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነ ሲሉህ አትሰማም?»

«ይሄ እኮ ድምፅ የለውም፣ እማዬ።»

«አንተስ መቼ አለህ!»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እናታችን አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አያ እጃቸውን ከክዳኑ አላነሡም። «ልክ ነሽ» አሉ፤ «ለዚህ ነው።» በማግሥቱ እናታችን ቤቱን ጠርገው፣ ሳንዱቁን ዙሪያውን ሲወለውሉ ከሰሉን ሳይነኩት አለፉ። እስከ ዛሬም አልነኩትም።

ገበያ ላይም የሚጠብቃቸው አይጠፋም ነበር። አንድ ጊዜ አንዱ ጮክ ብሎ «መሪጌታ! የፈረንጅ በገናዎ በቀን ስንት ዋንጫ ጠላ ያስገኛል?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። አያ ተጠግተው በጆሮው «ግማሽ ዋንጫ፤ እሱንም ላንተ አስቀምጬልሃለሁ» አሉት። እቤት ሲደርሱ ግን እራት አልበሉም። ይህን የምጽፈው ቀልዳቸውን ብቻ የምታስታውሱ ስላላችሁ ነው።

የሚፈልጉት ያቺን የአባታችንን ድምፅ ነበር። አያ እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በሌላ ሰው አፍ እንደማትኖር አውቀዋል። ከራሳቸው ጉሮሮ ውጪ አንድ ጊዜ ሊሰሟት፣ ከተቻለም ለአንድ ሰው ሊያሳዩዋት ፈለጉ። ችግሩ፣ ፒያኖው አያውቃትም። ከአንዱ ቁልፍ ከፍ ትላለች፤ ከሚቀጥለው ዝቅ ትላለች። አያ ሁለቱን ቁልፎች ተራ በተራ እየነኩ «እዚህ መካከል ናት» ይሉ ነበር፤ ግን መካከሉ ላይ ምንም የለም።

ባለፈው ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ የደብራችን አለቃ ደጀ ሰላም አስጠሯቸው። እኔ ለዕረፍት መጥቼ አጠገባቸው ነበርኩ።

«ጥሩነህ፣ መቋሚያ ይዘህ እዚያ ሳጥን ፊት ትቆማለህ አሉ።»

«እቆማለሁ፣ አባቴ።»

«የማሕሌት መቋሚያ ለዘፈን ሳጥን?»

«ዘፈን አልዘፈንኩበትም። የጽጌን ዜማ ነው የምፈልግበት።»

«ያው ነው። ወይ እሱን ተው፣ ወይ መቋሚያውን አስቀምጥ። ሁለቱን ይዘህ ማሕሌት አትገባም።»

አያ መቋሚያቸውን ስመው ከግድግዳው አስደገፉት። አባታችን የያዙት መቋሚያ ነበር። «እዚህ ቆሜ ዝም ከምል፣ አባቴ» አሉ፤ የቀረውን አልጨረሱትም። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ግራ እጃቸው የሚያርፍበት አጥቶ ሲወዛወዝ አየሁ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ዳንግላ አብሬያቸው ሄድኩ። እንደ ልማዳቸው ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ግራ እጃቸውም፣ ማንም ሳያዘው፣ ከቁልፉ ላይ አረፈ። ወይዘሮ ማሪያማ አጨበጨቡ።

«ግራ እጅህ መጣ! የት ነበር?»

«መቋሚያ ይዞ ነበር። ወሰዱበት።»

ወይዘሮዋ የአገራቸው ቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው፤ መቋሚያ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው አማተቡ፤ ሁለተኛም አላጨበጨቡም። አያ ግን ያን ቀን አንድ ነገር አገኙ። አንዱን ቁልፍ በግራ፣ ቀጣዩን በቀኝ፣ ሁለቱንም ለስለስ አድርገው አብረው ሲጫኑ መካከላቸው የሚንቀጠቀጥ ነገር ተሰማ። አያ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ቀርባለች» አሉ። ቆይተው ደግሞ «አልመጣችም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ስጠይቃቸው መልሳቸው ይኸው ነበር። «ቀርባለች። አልመጣችም።»

ክረምቱ ሲገባ ነገሩ ተመልሶ በቀለ። አንገታቸው አበጠ። ውሃ እንኳ በማንኪያ ሆነ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ወደ ደብረ ማርቆስ አልተመለስኩም። በመስከረም መጨረሻ ዳንግላ ውሰደኝ አሉኝ፤ በበቅሎ አስቀምጬ ወሰድኳቸው። ሲደርሱ በሁለት እጃቸው የፒያኖውን ጠርዝ ይዘው ቆሙ። እጃቸውን ከጠርዙ አንሥተው ቁልፍ ሊነኩ ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው። እንደገና ያዙ። ደግመው ሞከሩ። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ወንበር» አሉ።

ወይዘሮ ማሪያማ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ወንበሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አናጢው ግንዲላዎቹን አወጣ። አያ ተቀመጡ። ያን ጊዜ እንደሚሞቱ ሁላችንም አወቅን፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ነበር ያወቀው።

የአባታችንን ሐረግ በሁለት እጃቸው፣ በጣም በዝግታ፣ አንድ ጊዜ አሏት። ዜማ አላውቅም። ግን መጨረሻው ላይ ክንዴ ላይ ያለው ጠጕር ቆመ፤ ልጅ ሆኜ በአባቴ ጭን የሰማሁት ነገር በአጠገቤ አለፈ። አያ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ቀርባለች» አሉ። ሁለተኛውን ቃል ጠበቅሁ። አላሉትም። የፒያኖውን ክዳን ራሳቸው ዘጉ። ከዚያ ወዲያ ወደ ዳንግላ አልሄዱም።

መጣች ወይስ አልመጣችም ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አላውቅም። አጠገባቸው እያለሁ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም፤ ከዚያም መናገር አቆሙ።

በቀብሩ ቀን አለቃ መቋሚያውን ይዘው መጡና ከሬሳው ላይ አኖሩት። ከፍትሐቱ በኋላ ለክብራቸው ብለው ያቺን የጽጌ ሐረግ ራሳቸው አነሡ። ማሕሌታውያኑ ተቀበሉ። መጨረሻው ሲደርስ ሁሉም አንዱ ሌላውን እንደሚጠብቅ ትንሽ ተንጠለጠሉ፤ ከዚያ ቀጥ አድርገው አለፏት። ዘንበል ያደረጋት የለም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አለቃ ቆይተው ወደ እኔ መጥተው መቋሚያውን ሰጡኝ። አልተቆጣኋቸውም ብል ውሸት ነው። ለሞተ ሰው የተመለሰ መቋሚያ ምን ያደርግለታል?

ወይዘሮ ማሪያማ ዝናቡ ላይ ቆመው ነበር። ጎረቤቶቻችን እንዲቀመጡበት ዱካ አመጡላቸው፤ ከዳሱ እንዲገቡም ለመኗቸው። «የለም፣ ቆሜ ነው» አሉ። ሰዎቹ አማርኛ የተሳሳቱ መሰላቸው።

አያ፣ አሁን የምናገረው ከእርስዎ ጋር ነው።

ሳንዱቃችን ላይ ያለው ከሰል እንዳለ ነው። መቋሚያው ከሳንዱቁ አጠገብ ተደግፏል። እኔ ልይዘው አልችልም፤ የምልበት ዜማ የለኝም። ያቺን ድምፅ ለማንም ሳያቀብሉ ሄዱ፤ ይህን ላጽናናዎ ብዬ አልደብቅዎትም። ክንዴ ብቻ ያውቃታል፤ ክንዴ ደግሞ አይዘምርም።

በዚያ ዓለም የጠፋ ሁሉ ይመለሳል ይላሉ ካህናቱ። ድምፅዎ ከተመለሰልዎት፣ አያ፣ ሐረጊቱን እንደ ልማድዎ ቆመው ይበሏት። ዝናቡም ገለል ይበልልዎት። ካልተመለሰልዎት ግን ይቀመጡ። ብዙ ቆመዋል። ወንበሩን እኔ አምጥቻለሁ።