ሁለት ጊዜ የተማረችው ሁለተኛ ክፍል

«እማዬ፣ የቱን ነው የሳትኩት?»

ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ ስምንት ዓመቷ ነበር። የዓመቱን ካርድ በሁለት እጇ ይዛ፣ ካራ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆማ ነው የጠየቀችኝ። ካርዱ ላይ ደረጃዋ አልተሞላም፤ ግርጌው ላይ «ክፍሉን ትድገም» ይላል። የክፍሏ ልጆች ሦስተኛ ገባን እያሉ በአጠገባችን ይሮጣሉ። እሷ አላለቀሰችም። የሳተችውን አንዷን ጥያቄ ባሳያት እዚያው ቁጭ ብላ የምታርመው ይመስል ካርዱን ወደ እኔ ዘረጋችው። ካርዱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምንም አልሳተችም ነበር።

አልፋ ነበር። አስደግሙልኝ ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ይህን ለማስረዳት ከራሴ ትምህርት መነሳት አለብኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው። መምህራኑ ከሥራ ደክመን ለምንመጣው ለእኛ ለትልልቆቹ ያዝኑልን ነበር፤ ትምህርቱን ሳናውቀውም ያሳልፉናል። ማካፈል ሳይገባኝ አምስተኛ ክፍል ደረስኩ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ተጠርቼ ጠመኔውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ከኋላ አንዱ ጎልማሳ «እትዬ፣ ጠመኔው እጅሽ ላይ ሊያልቅ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን፣ ልጅ ብወልድ ያልገባትን ይዛ አንድ ክፍል እንኳ እንደማትሻገር ለራሴ ማልሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬም አንድ ፋይል ያለ ቦታው ሳላስቀምጥ ዓመታት ሠርቻለሁ። ልጄንም በዚያው ዓይን ነበር የማያት።

ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ ንባቧ ገና ይቆራረጥ ነበር። አንድ ገጽ ለማንበብ ሦስት ቦታ ትቆማለች፤ እኔ እቆጥራለሁ። ለመምህሯ ሐሳቤን ስነግራት ደነገጠች። «ልጅቷ እኮ አልፋለች፣ እናት። ከአርባ ሁለት ልጅ አሥራ ዘጠነኛ ናት። ንባቡ ይመጣል» አለችኝ። እኔ ግን ማመልከቻዬን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጬ ይዤ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ እንደ እርስዎ ያለ ወላጅ ቢበዛልን ብሎ አመሰገነኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

አባቷም ወድቃ እንደደገመች ነው የሚያውቀው። ታክሲ ሹፌር ነው፤ ቀልድ ይወዳል። ወደ ቤት ሲገባ «የሁለተኛ ክፍል ፕሮፌሰሯ የት አለች?» ይላል። እሷ ትስቅለታለች። እኔም እስቃለሁ። ከእሷ ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጥ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ ሦስተኛ ክፍል ገብታ ሌላ ጓደኛ ያዘች። ኋላም ቤተሰቦቿ መሪ በሚባለው ሰፈር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ዕቃቸውን ሲጭኑ፣ ልጄ ልትሰናበታት አልወጣችም። ደብተሮቿን መደበቅ፣ ሲጠይቋትም «እንጃ» ብላ ማለፍ የጀመረችው ያኔ ነው።

ዘንድሮ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ሚኒስትሪ የምንለው የከተማው ፈተና አለባት። ለምዝገባ የሚሞላው ቅጽ ከጉርድ ፎቶ ጋር እንዲመለስ ተሰጥቷት ነበር። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ሲመልስ የእሷ ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ። የክፍል ኃላፊዋ አስጠርታ ይህን ነገረችኝ፤ ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ወር ይቀረው ነበር። ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የወላጆች ሥልጠና ስላለ እንድሞክረው መከረችኝ። ልጅ የሚያጠናበትን ዘዴ የሚያስተምሩኝ መስሎኝ አዲስ ደብተር ይዤ ሄድኩ።

አሠልጣኟ ከእኔ በብዙ የምታንስ፣ ሂጃብ የለበሰች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ካለነው አብዛኞቹ እናቶች ነን። ከጥቂቶቹ አባቶች አንዱ ገና ሳትጀምር እጁን አወጣ።

«እኛ ያለ ሥልጠና አይደል ያደግነው?»

«እንዴት እንዳደጉ ይንገሩንና እንወስናለን» አለችው።

ሳቅን። ሰውየው እስከ መጨረሻው ኮፍያውን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

የጥናት ዘዴ አልሰጠችንም። የሰጠችን የቤት ሥራ በቀን አሥር ደቂቃ ከልጃችን ጋር መቀመጥ ነው። የሚደረገውን ልጁ ይመርጣል። ወላጅ አያርምም፣ አያስተምርም፣ ስለ ትምህርት አይጠይቅም። ደብተሬ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጽፌ ስወጣ ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሰዓቴን አይቼ አጠገቧ ቁጭ ስል ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው?»

ምንም አልኳት። አላመነችኝም። ስለ አሥሩ ደቂቃ ከነገርኳት በኋላ ብዙ አስባ ጥፍሬን መቀባት መረጠች። ቀለሙ ከጥፍሬ እያለፈ ቆዳዬ ላይ ይፈሳል። እጄን ነጥቄ እንዳላስተካክለው ጥርሴን ነክሼ ነው የቆየሁት። በማግስቱ እንደዚያው ሆኜ ሥራ ገባሁ። የቢሮ ባልደረባዬ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የተቀባሽው ብላ ሳቀችብኝ። አላስለቀቅሁትም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰዓቴን ማየት ተውኩ። እሷም በራሷ ታወራኝ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ አንገቷን ደፍታ አውራ ጣቴን እየቀባች፣ ፈተናውን እንደማትቀመጥ ነገረችኝ። አልተቆጣችም፤ ሰው የራሱን ቁመት እንደሚናገር ነው የተናገረችው።

«የእኔ ጭንቅላት አይቀበልም፣ እማዬ። ሁለተኛ ክፍል የወደቀ ሰው ታውቂያለሽ? ሁለተኛ ክፍልን እኮ ማንም አይወድቅም።»

አሥሩ ደቂቃ አልፎ ነበር። እጄን አልወሰድኩም። ሌላውን እጄንም ዘረጋሁላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ ቀረሁ። አሠልጣኟ ወንበር ትደረድራለች። አንዲት የማውቃት ሴት አለች ብዬ ጀመርኩና ማመልከቻውንም፣ ካርዱንም፣ የአባትየውን ቀልድም አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ሴትዮዋ ማን ናት ብላ አልጠየቀችኝም።

«ለሴትዮዋ ይንገሩልኝ» አለች። «ምክንያቷን ከፊት አታስቀድም። ያደረገችውን በአጭሩ ተናግራ ዝም ትበል። ይቅር በይኝ እያለችም አትወትውታት፤ እናቷን የማጽናናት ሥራ ደግሞ አይጨመርባት።»

የቀሩትን ወንበሮች አብረን አነሳን። ደረጃው ላይ ስንለያይ፣ ሴትዮዋ ብዙ ባትቆይ ጥሩ ነው አለችኝ። ምዝገባው ማክሰኞ ይዘጋ ነበር። በሌላ ሴት ተሸፍኜ ያወራሁትን ግን እንደ መናገር አልቆጥረውም።

በማግስቱ እሑድ ልጄ ለአሥር ደቂቃዋ እንጦጦን መረጠች፤ አሥር ደቂቃ እንደማይበቃው እያወቀች፣ ልትፈትነኝ። ወጣን። እንጦጦ ማርያምን ተሳልመን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ስንሄድ፣ እሷ ስታነብ ትቆም እንደነበረው እየቆምኩ ተናገርኩ።

«ሁለተኛ ክፍል አልወደቅሽም። አልፈሽ ነበር። አስደግሟት ብዬ ጽፌ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።»

መሄዷን አቆመች።

«ስንተኛ ወጥቼ?»

«አሥራ ዘጠነኛ።»

«አሥራ ዘጠነኛ» አለች፣ ለራሷ። ከዚያም መሪ የሄደችውን ጓደኛዋን በስሟ ጠርታ፣ «እንግዲያው ከእሷ ጋር ነበር የምቀመጠው» አለች።

የማታ ትምህርቱ፣ ሰሌዳው፣ ጠመኔው፣ ሁሉም አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ፊቷን አዙራ ቁልቁል መውረድ ጀመረች። አልተከተልኳትም ማለት አልችልም፤ ግን ልደርስባት አልሞከርኩም።

ታክሲ ወረፋው ላይ ስደርስ ቀድማ ቆማለች። ከኋላዋ ስቆም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደች። ነጠላ የለበሱ አንዲት ሴት መጥተው ክፍቱን ቦታ ሲያዩ፣ ወረፋ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ልጄ «ይግቡ» አለቻቸው። በመሃላችን ገቡ። በትከሻቸው ላይ የማየው የልጄን ጠጉር ብቻ ነው፤ ጠዋት እንድጎነጉንላት ፈቅዳልኝ ነበር።

ወረፋው ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሳትዞር፣ ማንን እንደጠየቀች ሳይታወቅ፣ «ፎቶ ቤት እሑድ ይከፍታል?» አለች።

አፌን ስከፍት በመሃላችን ያሉት ሴት ቀደሙኝ።

«ታች ያለው ይከፍታል፣ የኔ ልጅ።»