ለሐጂ ሰዒድ መርጃን ያዘገየሁት መብራት

ባለፈው ሳምንት ቢሯችን በቅርቡ የተቀጠረ ወጣት መሐንዲስ ስልኩን እንደያዘ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ዘሩ የእኛው አገር ነው፤ ተወልዶ ያደገው ግን እዚሁ ጅዳ ነው። የሰቀለው የዓሣ ገንዳ መብራት ከስልኩ ጋር ተገናኝቷል፤ በጣቱ ወደ ላይ ሲገፋው ይደምቃል፣ ወደ ታች ሲስበው ይደበዝዛል። «ያ ሙሐንዲስ፣ ገንዳው ጥልቅ ነው፤ ኸላስ መቶ በመቶ ላድርገው?» አለኝ። ተው፣ ቀስ እያልክ ጨምር አልኩት። ቀስ ማለት ስንት ሳምንት እንደሆነ ጠየቀኝ። በዚህ ሥራ ሽበት ያወጣሁ ሰው ነኝ፤ መልሱን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ግን ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከናዝሬት መጥቼ ሳፋ ሰፈር ከሁለት የአየር መንገድ ሠራተኞች ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ እኖር ነበር። የምሠራው አሮጌው ከተማ አል-ባላድ ውስጥ፣ ለሀብታም ቤቶችና ለሆቴሎች ትልልቅ የዓሣ ገንዳ በሚሠራ ወርክሾፕ ነው። ጠዋት ጠዋት ከእቶን በወጣ ትኩስ ተሚስ ዳቦ ፉሌን በልቼ፣ ሸሚዜ በባሕሩ እርጥበት ጀርባዬ ላይ እንደተጣበቀ፣ ከድሮዎቹ ፎቆች የእንጨት መስኮቶች ሥር ጥላ እየፈለግሁ እሄዳለሁ። የተማርኩት ኤሌክትሪክ ስለሆነ የገንዳዎቹ መብራት የእኔ ኃላፊነት ነበር። አባቴ በደብዳቤ ምን እንደምሠራ ጠይቀውኝ ለዓሣ መብራት አበራለሁ ብዬ ጻፍኩላቸው። እናቴ ይህን ስትሰማ ልጄን ምን ነካብኝ ብላ የንስሐ አባታችንን እንዳማከረች በኋላ ሰማሁ።

መብራቱ በእርግጥ ለዓሣው አይደለም፤ ለመርጃኑ ነው። መርጃን ከባሕር ወለል ድንጋይ ላይ እንደ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ አውጥቶ የሚያድግ፣ ተክል የሚመስል እንስሳ ነው። እንስሳ ቢሆንም እንደ ተክል ብርሃን ካላገኘ አይኖርም። ብርሃን ሲያንሰው ቀለሙን አጥቶ ቡናማ ይሆናል፤ ድንገት ሲበዛበት ደግሞ ነጥቶ ይሞታል። ገንዳው ጥልቅ ከሆነ ጣጣው ይብሳል፤ ከላይ ያለው ሲቃጠል ከታች ያለው ይራባል። ከዚያ በፊት ባሕሩ ዳር ባለ አንድ ቪላ ውስጥ ኃይለኛ መብራት በአንድ ቀን ለቅቄ መርጃኑን ሁሉ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነጭ አድርጌው ነበርና፣ ይህን የተማርኩት በመጽሐፍ ብቻ አልነበረም።

ሐጂ ሰዒድ ወርክሾፑ የመጡት በመስከረም ማለቂያ ነው። መካ፣ ሚስፈላ ውስጥ ለሐጅ መንገደኞች ትንሽ ሆቴል የነበራቸው ሽማግሌ ናቸው። አያታቸው ከወሎ ሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ፤ እሳቸው መካ ተወለዱ፤ አማርኛቸው ግን የደሴ ገበያ ውስጥ የዋለ ሰው አማርኛ ነው። በወጣትነታቸው ጅዳ ወደብ ጀልባ ላይ ሲሠሩ፣ በጠራ ቀን ጎንበስ ብለው ከውሃው በታች ያዩት መርጃን ከልባቸው አልወጣም። አሁን ዓይናቸውን ግፊት ይዟቸዋል፤ ሐኪሙ ዓይናቸው ከጥቂት ወር በላይ እንደሚያይ ተስፋ አልሰጣቸውም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «ልጄ፣ ዓይኔ ሳለ ያንን ባሕር አንዴ ልየው። እኔ ወደ እሱ መሄድ አልችልም፤ አንተ ቤቴ ድረስ አምጣልኝ» አሉኝ። ገንዳው አንድ ሜትር ከሃያ እንዲጠልቅ ፈለጉ፤ ከዚያ ያነሰው ለእሳቸው ባሕር አይደለም።

ችግሩ እኔ ነበርኩ። ክርስቲያን ነኝ፤ መካ አልገባም። ገንዳውን የሚተክሉት፣ የባሕሩን ውሃ በቦቴ የሚያመላልሱት ሙስሊም ባልደረቦቼ ናቸው፤ መብራቱን የሚያውቀው ግን እኔ ብቻ። ስለዚህ ወርክሾፑ ጓሮ ውስጥ የገንዳውን ያህል ጥልቀት ያለው የፕላስቲክ ሮቶ አቁሜ የባሕር ውሃ ሞላሁበት። የብርሃን መለኪያውን እንጨት ላይ አስሬ ወደ ታች እየሰደድኩ ሁለት ቀን ለካሁ። ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ ዋቱ አምፖል ታች ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ነበር። ባለ አራት መቶውን መረጥኩ። እሱ ደግሞ ከላይ ያለውን እንዳያቃጥል መጀመሪያ ከፍ ብሎ በሰንሰለት ይሰቀላል፤ ከዚያ አሥር ቀለበት፣ አንድ አንድ ቀለበት እየተቆጠረ ይወርዳል። የመብራቱ መመሪያ በየሳምንቱ አንድ ይላል። አሥር ሳምንት ማለት ነው። የሐጂ ዓይን ለዚያ ይበቃ ነበር።

መርጃኑ መብራቱን እንዴት እንደተቀበለው በስልክ እንዲነገረኝ ተስማማን። ሐጂ አጥርተው ስለማያዩ የምትነግረኝ ልጃቸው ዘሃራ ሆነች። የሴቶች ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምራለች፤ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ቤቱም በእሷ እጅ ነው። ያኔ የሳምንቱ ዕረፍት ሐሙስና ዓርብ ነበር፤ ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ እደውላለሁ፣ እሷ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ አባቷ አጠገቧ ይቀመጣሉ።

እንደ እሷ ቀለም የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም። የላይኛው የበሶ ዱቄት ይመስላል፣ ትላለች፤ ቆየት ብላ፣ አይ፣ ውሃ የነካው በሶ። ከታች ያለው ተልባ ነው። ኢትዮጵያን አይታ አታውቅም፤ እነዚህን ሁሉ የምታውቃቸው እናቷ ጓዳ ውስጥ ነው። ከመርጃኑ ቀጥላ ስለ አገሩ ትጠይቀኛለች። በረዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ምን ዓይነት ድምፅ አለው? የክረምት ጭቃ ጫማ ይይዛል የሚባለው እውነት ነው? እኔ እመልሳለሁ፣ ሐጂ ሳቅ ይላሉ፣ እሷ ከሳቸው ቀጥላ ትስቃለች። ስልኩን ስዘጋ ክፍሉ ይሰፋብኛል። ሌላው ሐሙስ እስኪመጣ ያለውን ቀን በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀለበቶች በጊዜያቸው አስወረድኩ። በሦስተኛው ሳምንት ዘሃራ ዛሬም እናውርድ ወይ ስትለኝ፣ ስምንት ሐሙስ ብቻ እንደቀረኝ ታሰበኝ። መርጃኑ እንዲለምድ አንድ ሳምንት እንታገሠው አልኳት። ያቺ የቪላዋ ጥፋት ምክንያት ሆነችልኝ፤ ለራሴም ጥንቃቄ ነው ብዬ ነገርኩት፣ ግማሽ ልቤም አመነኝ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀለበት በሁለት ሳምንት ሆነ። ስምንቱ ሐሙስ አሥራ ስድስት ሆነልኝ።

ኅዳር ላይ ቦቴው አዲስ ውሃ ሲወስድ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ የመካን መንገድ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለማንም አልተናገርኩም። ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋያማ ኮረብታ ነው፤ ከባሕሩ ሲርቁ አየሩ ደረቅ ይላል። ሙስሊም ያልሆነ ሰው የማያልፍበት ኬላ ሳይደረስ አንድ ሻይ ቤት አለ፤ እዚያ ወረድኩ። ቦቴው ሲገባ ቆሜ አየሁት። ውሃው ገባ፣ አምፖሉም ከእኔ በፊት ገብቷል፤ እኔ ከፕላስቲክ ወንበር ላይ ነዓና ቅጠል ያለበት ሻይ እየጠጣሁ ሦስት ሰዓት ጠበቅሁ። ሹፌሩ ሲመለስ ዘሃራ የላከችውን አራት የጣኢፍ ሮማን በፌስታል ሰጠኝ። ገንዳው ምን ይመስላል ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና ውሃ ነው አለኝ። ሮማኖቹን አብረውኝ ለሚኖሩት ሳላካፍል ብቻዬን በላኋቸው፤ እንደዚያ ስስታም ሆኜ አላውቅም።

ጥር ገባ። ጅዳ ላይ ያ በዓመት አንዴ የሚመጣው ዝናብ ወርዶ መንገዱን ሁሉ ወንዝ አደረገው። አንድ ሐሙስ ሐጂ ራሳቸው ስልኩን ተቀብለው ቀለሙ መቼ እንደሚወጣ ጠየቁኝ። በመመሪያው ቢሆን ኖሮ ከሳምንታት በፊት ወጥቶ ነበር። ኢንሻአላህ በቅርቡ ነው ሐጂ አልኳቸው፣ ማተቤን እንዳሰርኩ። አብሽር ልጄ፣ አንተ የምታውቀውን አድርግ ብለው መልሰው እኔኑ አጽናኑኝ። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ፣ ሁለት ቀለበት በአንዴ ይውረድ ብዬ መልሼ ልደውል ተነሣሁ። ቁጥሩን ግማሽ ድረስ መታሁት። ከዚያ አስቀመጥኩት።

መጋቢት ላይ አሥረኛው ቀለበት ወረደ። ከሳምንት በኋላ ስደውል ዘሃራ ብቻዋን ነበረች፤ አባቷ መስጊድ ሄደዋል። በመካከላችን ሰው ሳይኖር ስንነጋገር ያ የመጀመሪያው ነው። ቀለሙ ወጥቷል አለችኝ። የላይኛው ሐምራዊ ሆኗል፣ መሐል ያለው እንደ እሸት ባቄላ ለምልሟል፣ ከታች ያለው ጫፍ ጫፉ ሰማያዊ ነው። ድምፅዋ ግን የሌላው ሐሙስ አልነበረም። ሐጂ ምን አሉ አልኳት።

«አባባ ብርሃኑን ያያሉ እንጂ ቀለም አይለዩም። ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ለሙሐንዲሱ እንዳትነግሪው፣ ይደነግጣል ብለው ከለከሉኝ።»

እሷ ቀጠለች።

«መመሪያው ካርቶኑ ውስጥ ነበር። መብራቱ የመጣ ዕለት አንብቤዋለሁ። በየሳምንቱ አንድ ቀለበት ነው የሚለው።»

«እያወቅሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«አንተስ?»

ከዚያ ጠበቀችኝ። ትንፋሿ ይሰማኛል፤ ከበስተጀርባዋ የገንዳው ውሃ ይንቦጫቦጫል። ምን እንደምትጠብቅ አውቄያለሁ፤ ቃሉም አፌ ላይ ነበር። ከዚያ ቃል ወዲያ ሃይማኖት አለ፣ ኬላ አለ፣ ቀለሙን ያልደረሱበት ሽማግሌ አሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩና «መስታወቱን በየሳምንቱ ጥረጉት» አልኳት።

«እሺ» አለችኝ።

የሚቀጥለው ሐሙስ አልደወልኩም፤ የሚወርድ ቀለበት አልነበረም። ሐጂ ማታ ማታ ገንዳው ፊት ወንበር አስቀርበው ቀለሙን ከዘሃራ አፍ ይሰሙ እንደነበር ሹፌሩ ነገረኝ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ማረፋቸውንም የሰማሁት ከእሱ ነው። ስለ እሷ ግን ጠይቄው አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ኋላ አግብቻለሁ፣ ልጆች ወልጃለሁ፤ ኑሮዬ ክፉ አይደለም። የዘሃራን ፊት እስከ ዛሬ አላየሁትም። ድምፅዋን ግን ሺህ ሰው መሐል ብትናገር እለየዋለሁ።

የሐጂን ዓይን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ያ የበሽታው ሥራ ነው። ሊያዩት ይችሉ የነበረውን የአንድ ወር ቀለም የቀማኋቸው ግን እኔ ነኝ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው የለመኑኝን ሰውዬ። በዚህ ስጸጸት ኖሬያለሁ፤ ለንስሐ አባትም ተናግሬዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ አልተናገርኩም፤ ያ ጊዜ ቢመለስልኝ፣ ሐሙስ ከዐስር በኋላ ዘሃራ ዛሬ እናውርድ ወይ ብትለኝ፣ አሁንም አንድ ሳምንት እንታገሥ ነው የምላት።