ከጥቁሩ ቀለም ስር

ካቻቢቴው እስከ እጀታው ድረስ ገባ። የገባው የፒካፔ ሻንሲ ውስጥ ነው፤ መላ አካሏን የሚሸከመው ብረት ውስጥ!

ከሦስት ወር በፊት የገዛኋት ያገለገለች ፒካፕ ከኋላ ቋ ቋ ስትልብኝ፣ ዛሬ ጠዋት በያጁ አብዲ ጋ ወሰድኳት።

አብዲ ስሯ ተኝቶ ሻንሲውን በመዶሻ መታ መታ አደረገው። ከፊት በኩል ይጮሃል። ወደ ኋላ ሲሄድ ድምፁ ታፈነ። እዚያ ጋ በካቻቢቴው ሲወጋው ቡናማ ዱቄት ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

ቀመሰው። (አዎ፣ ቀመሰው። የኛ ሰፈር ላብራቶሪ ይኸው ነው።)

«አቦ፣ ጨው ነው! ይቺ መኪና ጨው ስትጭን ነው የኖረችው።»

እኛ ደግሞ ድሬ ደረቅ ናት፣ መኪና አይዝግም እያልን ስሩን አናየውም። ከላይ ታጥባ ካብረቀረቀች በቃን።

«ሰው ጭነህባት ቢሆን መሀል መንገድ ለሁለት ትከፈል ነበር» አለኝ። «ይሄን ዝገት በጥቁር ቀለም ሸፍኖ የሸጠልህ ሰው ወላሂ አላህን አይፈራም።»

ስልኬን አወጣሁ።

አምና የራሴን አሮጌ ፒካፕ ስሸጥ ስሯ ዝጎ አይቼ ነበር። እኔም ጥቁር ቀለም አስቀባኋት። ከእኔ የገዛት ሰውዬ በገበያ ቀን ከጀልዴሳ ሰው ይጭንባታል።

ዛሬ የገበያ ቀን ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየደወልኩለት ነው፤ ይጠራል፣ አያነሳም።

እናንተስ ከቀለም ስር ምን አግኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፣ አነባለሁ። በቅድሚያ ግን በጀልዴሳ መንገድ ላይ ያላችሁ፣ የኋላ በሯ በሰማያዊ ገመድ የታሰረ ነጭ ፒካፕ ካያችሁ አስቁሙልኝ። ሰዎቹን አስወርዱልኝ።