ጠዋትህን ሳላየው

ላግባሽ ሲለኝ የመለስኩለት «ጠዋትህን አይቼው አላውቅም» ብዬ ነው። ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት የአውቶቡስ መጠበቂያው አጥር ላይ ተቀምጠን ጄላቶ እየላስን ነበር።

«ጠዋቴ ደግሞ ምን ሆነ?» አለ።

«እሱን ነው የማላውቀው።»

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ አልቀለድኩም። ሁለት ዓመት ሙሉ የማውቀው የሐሙስ ከሰዓትና የእሑድ ሰው ነው። ሮም ውስጥ ሰው ቤት እያደርን የምንሠራ ሴቶች የምናርፈው በእነዚህ ቀናት ብቻ ነበር፤ ፍቅራችንም ጸሎታችንም ጠባችንም ተጨምቆ እነሱ ውስጥ ይገባል። እኔ የማድረው አሠሪዬ ሲኞራ ቤት፣ ከኩሽናው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። እሱ ጋራዥ ውስጥ መኪና ያጥባል፤ የሚኖረው ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር፣ ከሦስት ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ። እኔ ጋ ሲመጣ ተላጭቶ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ሽቶ ነስንሶ ነው። እንደዚያ ሆኖ ለአራት ሰዓት ደግ መሆን ማንን ያቅተዋል?

የታላቅ እህቴ ባልም ከሰዓት በኋላ ጥሩ ሰው ነበር። ሽማግሌ የላከው ከሰዓት ነው፤ እናቴን በሳቅ የገደላት ከሰዓት ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት አዲስ አበባ እነሱ ቤት ተቀምጬ ስለሆነ ጠዋቱን አውቀዋለሁ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ አይናገርም። ያናገረው ሰው ካለ፣ በር የጮኸ እንደሆነ፣ ጫማ ይወረውራል። እህቴ ልጆቿን እንደ ሌባ በእግር ጣታቸው ታስኬዳቸው ነበር። እኔም ደብተሬን ይዤ ስወጣ በር ሳላሰማ መዝጋት ለመድኩ። እስከ ሮም ድረስ ይዤው መጣሁ፤ ሲኞራ «ድመት» ትለኛለች፣ ከኋላዋ ቆሜ ስታገኘኝ እየደነገጠች።

«ሦስት ቀን የሆነ ቦታ እንሂድ» አልኩት። «ሁለት ጠዋት ልይህ። ከዚያ መልሴን እነግርሃለሁ።»

«ፈተና ነው?»

«አዎ።»

«ብወድቅስ?»

«ሐሙስና እሑድ እንገናኛለን።»

ዕድሉን የሰጠችኝ ሲኞራ ናት። ጣሊያን በራሱ ነሐሴ አጋማሽ ፌራጎስቶ የሚባለው በዓል ሲመጣ ከተማውን ለርግቦች ጥሎ ይጠፋል። በየዓመቱ ሲኞራም ወሩን ሙሉ ባሕር ዳር ወዳለው ቤቷ ትሄዳለች፤ እኔንም ከማብሰያዋ ጋር ጭና ትወስደኛለች። የዚያን ዓመት ግን ለበዓሉ ልጇ ዘንድ ወደ ተራራ ልትወጣ ሆነና «ሦስቱ ቀን ያንቺ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ባቡር እቀይራለሁ፤ አንሶላ እየተኮስኩ ዳገት እወጣለሁ። የሲኞራ ሟች ባል ካርታ ይሰበስቡ ኖሯል፤ አንድ ሙሉ መሳቢያ። አንዱን መተኮሻው ሰሌዳ ላይ ዘረጋሁት። ሲኞራ መነጽሯን አድርጋ መጣችና ጣቷን ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ቺንኴ ቴሬ። አምስት መንደር፣ ገደል ላይ የተለጠፉ፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያደርስ የእግር መንገድ፤ ከመንገዱ በላይም በታችም እስከ ባሕሩ ድረስ በድንጋይ እርከን የወረደ የወይን ተክል።

«እኔም በጫጉላዬ የሄድኩት እዚያ ነው» አለች። የልጅነት ጓደኛዋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ወይኑ መሃል ቤት አላት፤ ክፍል ታከራያለች። «ስሚ። ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር ትሄዳላችሁ። ቀትር ላይ የተጠበሰ ትንንሽ ዓሣ ትበላላችሁ። ማታ በረንዳው ላይ ነጩን ወይን ጠጅ ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። አታውሩ። ወይኑ ያወራል።»

የነገረችኝን ሁሉ ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ላይ ጻፍኩ። የባቡር ሰዓት፣ ጫማ፣ ኮፍያ፣ የትኛው መንደር ደረጃ እንደሚበዛው። እሑድ ይዤለት ሄድኩ።

«ባቡር መንደር ለመንደር ይሄዳል ይላል እዚህ» አለ እያነበበ።

«ይሄዳል።»

«ታዲያ ሰው ምን አጥፍቶ ነው በእግሩ የሚሄደው?»

«ለመዝናናት ነው። ጣሊያኖች እንዲህ ያደርጋሉ።»

«እኔ እኮ ሱዳን ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ማንም ፌሪዬ፣ ዕረፍት ነው አላለኝም።»

ሳቅኩበት። እሱም ሳቀ፣ ቫ ቤኔ፣ እሺ አለ። ቀኑን እኔ የቆጠርኩት በጣሊያን አቆጣጠር ነው፤ እሱም የነገርኩትን ሰማ እንጂ በእኛ አልቆጠረም። ከሁለታችን አንዳችን እንኳ በእኛ ብንቆጥር ኖሮ!

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ እሑድ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ቆመን ነበር። ከትልቁ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ያለችው የእኛው ቤተ ክርስቲያን ናት። ሽማግሌው አባ ቅዳሴውን ከጨረሱ በኋላ ጾመ ፍልሰታ በሚመጣው እሑድ እንደሚገባ ተናገሩ። ነሐሴ አንድ ገብቶ አሥራ ስድስት ይፈታል። ፌራጎስቶ በእኛ ነሐሴ ዘጠኝ ነው። መሃሉ ላይ። እሱ ከወንዶቹ በኩል አንገቱን አዙሮ አየኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ብረቱን ይዘን ቆመን «ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ። አሎራ፣ ታዲያ?»

«ፍልሰታን እጾማለሁ።»

«ጹማ። ዓሣውን እኔ እበላልሃለሁ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አልቀምስም። ወይን ጠጅም የለም።» ድምፁን ቀነሰ። «መኝታም መለየት ነው።»

አጠገባችን የቆመችው አሮጊት ጣሊያናዊት ባትሰማንም የእኔ ፊት እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። እኔ ሀገሬ ሳለሁ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ፍልሰታን ጾሜያለሁ፤ የማይጾም ልጅ የለም። ሮም ከመጣሁ ወዲህ ግን ለሲኞራ ያበሰልኩትን እበላለሁ፣ ነሐሴንም እሷ ጋ ባሕር ዳር ነው የማሳልፈው። ስለዚህ የእሱን ፍልሰታ አንድም ቀን አላየሁትም።

«መስከረም ይሁን» አለኝ።

«መስከረም ሲኞራ ሮም ናት፤ ማን ይለቀኛል?»

«እንግዲህ።»

ይህች «እንግዲህ» አንጀቴን አቃጠለችው። ሊያገባኝ የጠየቀው እሱ ነው፤ የጉዞውን ዕቅድ ደብተር ሙሉ የጻፍኩለት እኔ ነኝ፤ አሁን ደግሞ «እንግዲህ»። ከአውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ።

ሐሙስ እሱን ሳላገኝ ብቻዬን አባ ጋ ሄድኩ። ከደጁ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው የነጠላ ጫማቸውን ማሰሪያ ይሰፋሉ። መስቀላቸውን ተሳልሜ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድኩም።

«አባ፣ መንገደኛ ከጾም ይፈታል አይደል?»

«ይፈታል። ሕመምተኛም ይፈታል። እመጫትም ትፈታለች። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

«መንገደኛ።»

«ወዴት?»

«በሰሜን በኩል፣ ወደ ባሕሩ። በእግራችን ልንዞር፤ የወይኑንም ሀገር ልናይ።»

መርፌያቸውን አቆሙ። «መንገደኛ ማለት ሳይወድ የሚሄድ ነው፣ ልጄ።»

«እኔ ወድጄ ነው። እሱ ግን ሳይወድ ነው የሚሄደው።»

ሳቃቸውን ሲውጡት አየሁ። «የሚጾመው እሱ ከሆነ ታዲያ ለምን እሱ አልመጣም?»

«እርስዎ ቢፈቅዱለት ይቀለዋል ብዬ ነው።»

«እኔ ብፈቅድለት የሚቀለው ለማን ነው?»

ጥያቄያቸውን ዘልዬ ሌላ አመጣሁ። «ጣሊያኖቹም እኮ የሚያከብሩት ዕርገቷን ነው፣ አባ። ያው አንዲት እመቤት ናት። እነሱ አረገች ብለው ይበላሉ፤ እኛ አረገች ብለን እንራባለን።»

«የሁላችንንም ትሰማለች። ተያት እሷን። ሰውየውን ለምን እንደሚጾም ጠይቀሽዋል?»

አልጠየቅኩም። ሰው ለምን ይጾማል? ጾም ስለሆነ ነዋ። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና «በይ ሂጂ፣ ጠይቂው» አሉኝ።

እኔ ግን የያዝኩት የሚመቸኝን ነው። ጾሙ በገባበት እሑድ ቪላ ቦርጌዜ ዛፍ ሥር ተቀምጠን «አባ መንገደኛ ይፈታል ብለዋል» አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። «አባ ጋ ሄድሽ? ስለ እኔ?»

«ስለ እኛ።»

ሣሩን ይነጫል። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ተናገረ። ታናሽ ወንድሙን አብዮት ጠባቂዎች የወሰዱት በፍልሰታ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናቱ ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ያመላልሱ ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ አታምጪ» አሏቸው።

ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩትም። የዚያን ጊዜ ሰው የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። እናቱ ግን አላውቅም አሉ። ሌላ ቦታ አዛውረውት ነው ብለው፣ እንዲመለስ፣ በየዓመቱ ፍልሰታን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። በደብዳቤ ደግሞ የልጁን ስም መጻፍ አይቻልም፤ ደብዳቤ ይከፈታል። ስለዚህ በየዓመቱ «ፍልሰታን እንደ ድሮው ይዘነዋል» ብለው ያስጽፋሉ። እሱም «እኔም ይዣለሁ» ብሎ ይመልሳል። ስለ ወንድሙ እናትና ልጅ የሚነጋገሩት ይኸው ነው። ሌላ የለም።

«እዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህ ስምንት ነው» አለ። «እሷ ስትቀምስ እቀምሳለሁ። በልቼ ጾምኩ ብዬ አልጽፍላትም።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?»

«ይሄ በሐሙስ ይወራል?»

ተነሳሁ። ነገር ሲበዛብኝ መቀመጥ አልችልም። ዛፉን ዞርኩት፤ ተመለስኩ፤ ደግሞ ዞርኩት። አፍሬ ነበር፤ አባ ጋ የሄድኩበትም፣ «ዓሣውን እበላልሃለሁ» ያልኩበትም አሳፈረኝ። ተናድጄም ነበር። ሚስት ሊያደርገኝ የፈለገ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ እንዴት ጄላቶ ይልሳል?

«በቃ ተይው ጉዞውን» አለኝ። «ቅር አይበልሽ።»

«አልተወውም። ሌላ ምን እንዳለህ በምን አውቃለሁ?»

ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ እየሰረዝኩ አስተካከልኩት። የቀትሩ ዓሣ ቀረ። አጭሩ መንገድ በማለዳ፣ ውኃ የማይጠጣ ሰው ሳይደክም። ስምንት ሰዓት ላይ ዳቦ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይት። ረጅሙ መንገድ ከዚያ በኋላ፣ ፀሐዩ ሲያዘነብል። ሁለት ክፍል። ከላይ ሆኖ እያየ «ውኃ መያዣ ጻፊ» አለ። ጻፍኩ።

ሲኞራ ለጓደኛዋ ስትደውል አጠገቧ ቆሜ ነበር። «ሁለት ክፍል» አለች ስልኩ ውስጥ። «አዎ፣ ሁለት። አይደለም፣ አልተጣሉም።» የስልኩን አፍ በእጇ ሸፍና ወደ እኔ ዞረች። «ወይኑስ?»

«እኔ እጠጣዋለሁ» አልኳት።

ሄድን። ባቡሩ ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ስንቴ እንደተነሳሁና እንደተቀመጥኩ እሱ ይንገራችሁ። ቤቱ ሲኞራ እንዳለችው ነው፤ ወይኑ በረንዳው ሥር ይጀምርና እርከን በእርከን ወርዶ ባሕሩ ላይ ያልቃል። በመጀመሪያው ማታ ዓሣዬን በላሁ፣ ወይኔን ጠጣሁ፤ እሱ ዳቦውን በቲማቲም እያሸ «እንዴት ነው?» አለኝ። «ጎምዘዝ ይላል» አልኩት። እያንዳንዳችን በየክፍላችን ገባን።

ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ መስኮቴ ሥር ነበር። ወይኑ መሃል፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቷል፣ ፀጉሩ በአንድ በኩል ተኝቷል። አይናገርም። አይንቀሳቀስም። ይሄ ዝምታ! እጄ መስኮቱን ቀስ ብሎ፣ ሳያሰማ፣ እንደለመደው ሊዘጋው ሄደ። እህቴ ታየችኝ፣ ልጆቹ በጣታቸው።

አልዘጋሁትም ቀስ ብዬ። በሙሉ ኃይሌ ወርውሬ ዘጋሁት። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ወፍ ከወይኑ ውስጥ ተነስታ ሄደች። ከዚያ ከመስታወቱ ጀርባ ቆሜ ጫማውን ጠበቅኩ።

ዞረ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሽቅብ ፈለገኝ።

«ተነሳሽ? ሴትየዋ ካፌ አፍልታልሻለች፤ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አለ። «እኔ ውዳሴውን አልጨረስኩም፤ ጨርሼ እንሄዳለን።» ተመልሶ ጀርባውን ሰጠኝ።

ሁለተኛውም ጠዋት እንደዚሁ ነው፤ ሸሚዙ ብቻ ተለወጠ። እኔም መስኮቱን ደግሜ ወረወርኩት፣ ምናልባት የመጀመሪያው ቀን እንግድነት ይዞት ከሆነ ብዬ። ሳይዞር እጁን ብቻ አነሳልኝ።

ሲመሻሽ በረንዳው ላይ የሲኞራን ትእዛዝ አክብሬ ዝም ለማለት ሞከርኩ። እሱ ነው ያልቻለው።

«ታዲያ? ጠዋቴ እንዴት ነበር?»

«ታንኮራፋለህ። ግድግዳው ስስ ነው።»

«ወደቅኩ ማለት ነው?»

«ፍልሰታ ሲፈታ አባ ጋ እንሄዳለን። የጋብቻውን ነገር ግን አንተው ጠይቃቸው፤ እኔ አልጠይቅም።»

ቀኑን በጣቱ ሲቆጥር ብርጭቆዬን አጋመስኩ። ከዚያ ተነስቼ ክፍሌ ገባሁና በሩን ጓ አድርጌ ዘጋሁት።