የጎሬ ውኃ በርሜል

ታላቅ ወንድሜ ጋምቤላ ሲሠራ እዚያው በወባ ሞቶ ቀርቷል። እኔም በተራዬ እዚያው ስመደብ፣ እናቴ ያስማለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቆላ ውኃ እንዳልጠጣ። ማልኩላት። ወባን የምታመጣው ትንኝ እንጂ ውኃ እንዳልሆነ በድሬሰርነት፣ በጤና ረዳትነት ትምህርቴ ተምሬ፣ ፈተናውን አልፌ፣ ይህንኑ ለሕዝብ እንዳስተምር ደመወዝ እየተከፈለኝ ማልኩ። ፈሪ ነበርኩ።

በሁለተኛው ዓመት ከጎግ አልፌ እስከ ጠረፉ ድረስ ፈንጣጣ እንድከትብ ታዘዝኩ። የሦስት ሳምንት መንገድ ነው። ቤንዚን የለም፣ ጋራዥ የለም፣ ክረምቱ ከቀደመን ደግሞ መመለሻም የለም። የተሰጠንን አሮጌ ላንድሮቨር ከሾፌሩ ጋር በባሮ ዳርቻ፣ አንድ በያጅ ዳስ ሥር አቁመን እንደ አዲስ ሠራነው ማለት ይቻላል። ጣሪያው ላይ ለቤንዚን ጀሪካኖች የሚሆን ፖርቶመጋላ አስበየድን። ጭነቱን እንዲችል የኋላውን ሞላ፣ ባሌስትራውን፣ ደረብንለት። ወንዝ ስንሻገር ውኃ እንዳይገባበት የጭስ ማውጫውን በቧንቧ ቀጥለን ወደ ላይ አቆምነው። ጭቃ ሲይዘን ከጎማው ሥር የምናነጥፈው ሁለት ወፍራም ሳንቃም በጎኑ አሰርን። ሾፌሩ ያቺን መኪና ሲነካኩ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር። እኔ ግን ቡሎን በተጠበቀ ቁጥር የሚታየኝ የወንድሜ መቃብር ነው።

ሾፌሩ አባቴ ለመሆን ጥቂት ዓመት ቢቀራቸው ነው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። መንገድ ሲወጡ የሚተኙት መኪናው ውስጥ፣ ከኋላ ባለው ረጅም ወንበር ላይ ነበር። መስኮቶቹን በገዛ እጃቸው በወንፊት ሽቦ ሸፍነዋቸዋል፤ ስለዚህ አጎበር ኖሯቸው አያውቅም።

እኔ ያንን ወንበር አስነቀልኩት። በቦታው አንድ ትልቅ በርሜል በአራት ቡሎን አሳሰርኩ። ከጎሬ ቡና የሚያመላልስ አንድ ነጋዴ ለምኜ፣ በጭነት መኪናው የደጋ ምንጭ ውኃ አስመጥቼ አስሞላሁት።

«ሐኪም፣ እኔስ የት ልተኛ?» አሉኝ ጋሼ።

«ከመኪናው ሥር ያነጥፋሉ። የጎሬ ውኃ እየጠጡ ወባ አይነካዎትም፤ አይስጉ።»

ይህን ስል ነጭ ካፖርቴን ለብሼ ነበር። «እንግዲህ ሐኪም ካለ ይሁን» አሉና ወንበሩን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ወሰዱት። የራሴን አጎበር ግን አጣጥፌ ከክትባቱ ሣጥን ላይ አስቀመጥኩ። ውኃውንም አጎበሩንም ይዤ ነው የወጣሁት።

ጎግ ስንደርስ ያስተረጎሙልን የአኙዋ ሽማግሌ በርሜሉን አንኳኩተው ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቁን። ነገርናቸው። «ውኃ ለምን ይመጣል? ውኃ እዚህ ብዙ አለ» ብለው ከልባቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በየማታው አጎበሬ ውስጥ ገብቼ ስጋደም፣ ጋሼ ከመኪናው ሥር ትንኝ ለመግደል የገዛ ፊታቸውን በጥፊ ሲመቱ ይሰማኛል። «ይምጡ፣ ወደዚህ ይግቡ» ማለት ቀላል ነበር። አላልኩም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ መሪ እንደጨበጡ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር። ክሎሮኪን ሰጠኋቸው፤ አስመለሱት። ደግሜ ሰጠኋቸው፤ እሱንም አስመለሱት። ከዚያ በላይ የማደርገው አልነበረኝም፤ ጋምቤላ ደርሰው መርፌ ካልተወጉ እንደሚሞቱ አውቄያለሁ። እኔ ነድቼ የማውቀው ከጤና ጣቢያው እስከ ገበያው ብቻ ነበር። በምሥራቅ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ከፊት ወንበር ላስቀምጣቸው ብሞክር እየተንሸራተቱ ይወድቃሉ፤ የሚጋደሙበት ቦታ ላይ ደግሞ በርሜሉ ተገትሯል።

የቡሎን መፍቻ ቁልፍ ይዤ ከኋላ ገባሁ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። አራቱንም ቡሎን ፈትቼ ብገፋው በርሜሉ ንቅንቅ አልል ስላለኝ ከሥሩ ያለውን ቧንቧ ከፍቼ ውኃውን ለቀቅሁት። ጋሼ ሲፈስ ሰሙና ከተኙበት መሬት ቀና አሉ።

«ሐኪም፣ በፈጠረህ፣ መድኃኒታችንን አትድፋው!»

ያለቅሱ ነበር። በዳዴ መጥተው አንድ ጠርሙስ ከቧንቧው ሥር ደቀኑ። እስኪሞላ ድረስ አልነሣም አሉ። ባዶውን በርሜል ገፍቼ ካወረድኩ በኋላ፣ ያን ጠርሙስ ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ወለሉ ላይ አጋደምኳቸው።

ሁለት ቀን ነዳሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ማቃሰታቸው ጸጥ ባለ ቁጥር መኪናውን አቁሜ እጄን ወደ አፍንጫቸው አስጠጋለሁ፤ ትንፋሻቸው መዳፌን ሲነካኝ እንደገና ማርሽ አስገባለሁ። ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘንና ሳንቃዎቹን እያነጠፍኩ ወጣሁ። ጉሮሮዬ ሲደርቅ ከወንዝ በጣሳ ቀድቼ ጠጣሁ፤ መሐላዬ ትዝ ያለኝ ጣሳውን ካስቀመጥኩ በኋላ ነው። ምንም አልሆንኩም።

ጋሼ ዳኑ። ከወር በኋላ ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ቤቱ ከወንዙ ብዙም አይርቅም። ለበርሜሉ ቦታ ብዬ ያስነቀልኩት ረጅም ወንበር ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ያ ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ነበር፤ ግማሹ ቀርቷል። ባለቤታቸው ከሱ ትንሽ በኩባያ ቀድተው ለትንሿ ልጃቸው ሰጧትና «አባቷን ያተረፈ ውኃ ነው፤ ወባ እንዳይነካቸው ለሁሉም በየሳምንቱ አቀምሳቸዋለሁ» አሉኝ። ዞር ብዬ የልጆቹን መኝታ አየሁ። አምስት ናቸው። አጎበር የለም።

ዝም ብዬ ብወጣ ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ጋሼ፣ ወባ ከውኃ አይመጣም፤ ከትንኝ ነው» አልኩ። «የታመሙት መኝታዎን ስለወሰድኩብዎት ነው።»

«ይህን ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጋሼ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ኩባያውን ከልጅቷ እጅ ቀስ አድርገው ተቀብለው ውኃውን ደጅ ደፉት።

«አንድ አጎበር ስንት ልጅ ያስተኛል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሐኪም» ብለው አልጠሩኝም።