ከአንዲት «ች» የተወለደችው ተቆጪ

አምላክ ፈጥሬ አውቃለሁ። በትዕቢት የምናገረው እንዳይመስል፤ አንድ ፊደል ጎድሎብኝ ነው።

ጣልያን መተማ በገባ በሁለተኛው ዓመት ከሽንፋ ወንዝ ማዶ ዱር ቤቴ ካሉ አርበኞች ጋር ነበርሁ። ዕድሜዬ ሃያን ተሻግሯል። ማንበብ የለመድሁት ማሽላ ስጠብቅ፣ ከአጎቴ አሮጌ ዳዊት ላይ ነው። መምህር ስላልነበረኝ ስሕተቴን የሚነግረኝ አልነበረም፤ ስለዚህ ሊቅ ነኝ ብዬ አምን ነበር። በሰፈሩ የነበሩት ቄስ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር የሚያነብና የሚጽፍ እኔ ብቻ ሆንሁ፤ ሌሎቹም ሊቅነቴን አመኑ። ጠመንጃ ግን ማንም አምኖ አልሰጠኝም። ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍና ሰዎቹ ሲፎክሩ የሚሉትን ግጥም መግጠም ነበር።

በእኛ አገር ተቆጪ ማለት የሚቆጣ ሰው ብቻ አይደለም። ስታጠፋ የሚገሥጽህ፣ ሲበድሉህ ደግሞ «የማንን ልጅ ነው የነካኸው?» ብሎ የሚወጣልህ ነው። ንጉሡ ባሕር ከተሻገሩ ወዲህ ሰው ሁሉ «ተቆጪ የሌለው አገር» ማለት አብዝቶ ነበር። እኔም ይህን ይዤ እንዲህ ገጠምሁ፦

ተቆጪ የለውም ያልኸው ይኼ አገር፣
ነጠላ ሳትደርብ ወጣችለት ከበር።

መጀመሪያ «ጋቢውን ሳይደርብ ወጣለት ከበር» ነበር ያልሁት። በጣቴ ስቆጥረው አንድ ጎደለ። «ች» ጨመርሁበት፤ ሞላ። የወጣው ሴት ከሆነ ደግሞ ጋቢው ነጠላ መሆን ነበረበት፤ ለወጥሁት። ማን እንደ ወጣ፣ ከየትኛው በር እንደ ወጣ አላሰብሁም። ደስ ብሎኝ ምሳዬን በላሁ።

በማግሥቱ አንድ ጎጃሜ ተኳሽ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ።

«አንተ፣ ያቺ የወጣችው ማን ናት?»

«ግጥም ነው» አልሁት።

«ግጥምነቱንማ ሰማሁ። ማን ናት ነው የምልህ። ሴት ልጅ ነጠላ ሳትደርብ ከበር የምትወጣው ልጇ ሲታረድ ነው።»

ማንም አይደለችም ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ገጣሚ እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ማንም አይደለችም ማለት ይከብደዋል። ወደ ሰማይ አየሁ። እሱም ወደ ሰማይ አየና አንገቱን ነቅንቆ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ተቆጪዋ ዛፍ አገኘች። ፍሬው የሚኮመጥጥ ትልቅ የኩመር ዛፍ ነው። ወደ ውጊያ የሚሄዱት እንደ እሷ ሳይደርቡ ለመውጣት ጋቢያቸውን ሥሩ ላይ ጥለው ይሄዱ ጀመር። ቆላ ነውና ብርዱ አልጎዳቸውም፤ ከሥርዓቱ ይበልጥ የተጠቀመችው የወባ ትንኝ ናት።

ቄሱ ተቆጡ። «ይህች ማን ናት? በስንክሳር የለችም!» አሉ።

«ይታገሡ፣ አባ» አላቸው የሰፈሩ አለቃ። «እርስዎ በፈቀዱ ቀን ትጠመቃለች።»

ከጋላባት ጥይት የሚያመጣልን ሙስሊም ነጋዴ ደግሞ ዛፉን ዞሮ አየና፣ «እኛም ሴት ስትቆጣ እንፈራለን» አለ። «ሃይማኖት ግን አላደረግነውም።»

አለቃው የወደዳት በሌላ ምክንያት ነበር። ሰዎቹ ከጠላት ይልቅ እርስ በርሳቸው ይጣሉ ነበር፤ ለአንድ የፍየል ጭን ጎራዴ ይማዘዛሉ። ስለዚህ ሕግ አወጣላቸው። ክንዱን ወይም ድምፁን የሚያነሣ ሁሉ ከዛፉ ሥር ቆሞ «የማንን ቁጣ ይዘህ መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የሌላ ሰው ከሆነ ይሰማል። የራሱ ከሆነ «ተቀመጥ» ይባላል። ሕጉ ሠራ። ሰው ለራሱ መቆጣት አፈረ፤ መጣላት ያማረው ሁሉ በቅድሚያ የተበደለ ሌላ ሰው መፈለግ ጀመረ። እኔም የተቆጪዋ አፍ ተባልሁ። አልተቃወምሁም።

መስከረም ላይ አውሮፕላን መጥቶ በቅሎዎቻችን የታሰሩበት ላይ ቦንብ ጣለ። ሁለት በቅሎ ሞተ። ቦታውን ለጣልያን የነገረ ሰው አለ ተባለ፤ በሦስተኛው ቀን ሰላዩን ይዘው ወደ ዛፉ መጡ። እጁን የኋሊት ታስሮ የመጣው ያሳደገኝ አጎቴ ነበር።

ከመተማ ሲመለስ ነው የያዙት። መቀነቱ ውስጥ ተጠቅልሎ የተገኘው ወረቀት የፈረንጅ ጽሑፍና ማኅተም አለው፤ በውስጡ ነጫጭ ፍሬዎች አሉ።

«ኪኒን ነው» አለ አጎቴ። «ሚስቴ ወባ ጥሏት ልትሞትብኝ ነው። ሦስት ቀን መንገድ ቆፍሬላቸው ሰጡኝ።»

«ማኅተሙስ?» አለ የበቅሎዎቹ ጠባቂ። «መድኃኒት ማኅተም ምን ያደርግለታል? ሊሾም ነው?»

የሰላይ ቅጣት አንድ ጥይት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አለቃው ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋ። «አንብብ።»

ፊደሉን በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። የማላውቀው የለም እያልሁ ከርሜ፣ አሁን አላውቅም ብል አጎቴ ይሞታል። አውቃለሁ ብልስ?

«መድኃኒት ይላል» አልሁ፣ ድምፄን እንደ ዳዊት ደጋሚ አስረዝሜ። «ጧት አንድ፣ ማታ አንድ...»

ጠባቂው በትከሻዬ ላይ አየ። «ዘውዱ ቁልቁል ነው እኮ!»

ማኅተሙ ላይ የዘውድ ሥዕል ነበረበት። ፊደል የማያውቀው ሰው ዘውድ ያውቃል። ወረቀቱን ዘቅዝቄ ይዤው ነበር። ሰዎቹ ሳቁ፤ የሳቁት ግን በደስታ አልነበረም።

ያን ጊዜ ሁሉንም አፈረስሁት። የፈረንጅ ፊደል ማንበብ እንደማልችል ተናገርሁ። ተቆጪዋም እንደሌለች፣ «ወጣለት» ብል ቤቱ ስለጎደለ «ች» እንደጨመርሁ፣ በአንዲት «ች» ሰው እንዳይገደል ለመንሁ። እንዲህ ያለ እውነት ተናግሬ አላውቅም ነበር። አለቃው እስክጨርስ በትዕግሥት ጠበቀኝ።

«የማንን ቁጣ ይዘህ ነው የምትናገር?»

«የአጎቴን።»

«አጎትህ ያንተው ነው። ተቀመጥ።»

ተቀመጥሁ።

ጠባቂውም ተጠየቀ። «የበቅሎዎቹን ቁጣ» አለ ደረቱን ነፍቶ።

«በቅሎ አትቆጣም» አሉ ቄሱ። «ነፍስ የላትም።»

«እርግጫዋን አያውቁትም፣ አባ!»

ከዛፉ ሥር ክርክር ተነሣ። በመጨረሻ አለቃው በቅሎዎቹ የሁሉንም ጥይት ይሸከሙ ስለነበር ቁጣቸው የሁሉ ነው ብሎ ፈረደ። ጠባቂው ጠመንጃውን አነሣ።

ይህ ሲሆን አንዱ ተዋጊ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ፣ መርዝ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ብሎ አንዲት ፍሬ አፉ ከትቶ ኖሯል። መርሮት ፊቱን አጨማዶ «ቱ!» አለና ተፋት። ሌሎቹ ፍሬዎች ከወረቀቱ እርጥብ ሣር ላይ ተበተኑ።

አጎቴ እስከዚያ ድረስ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ቀና አለ።

«አንሣ!» አለው። «አንተ ጋጠ ወጥ! አንሣት አልሁህ! ምራቅህን ጥረግና አንሣት! እርጥበት ከነካው እኮ ይሟሟል። ሴትዮዋ አራት ቀን እህል አልቀመሰችም፣ እናንተ መድኃኒቷን ሣር ታበላላችሁ! እኔን የምትገድሉኝ ከሆነ ግደሉኝ። ግን ከእናንተ አንዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ያድርስላት። ደግሞ ባዶ ሆዷን እንዳትሰጧት፤ ደረቅ እህል አልችልም ካለች ሙቅ አፍሉላት።»

ተዋጊው ጎንበስ ብሎ ፍሬዎቹን ይለቅም ጀመር። ጠመንጃ ያነሣው ጠባቂም ሳያውቀው በእግሩ አጠገብ ያለችውን አንዲቷን አነሣ።

«የማን ቁጣ ነው ይኼ?» አለ አለቃው ዝግ ብሎ።

«የእሱ አይደለም፤ ለራሱማ ግደሉኝ ብሏል» አለ ጎጃሜው ተኳሽ። እሱም ራሱ በወባ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አጎቴን ፈቱት። አለቃው ከኪኒኑ ግማሹን «ለተቆጪዋ ወታደሮች» ብሎ ያዘ፤ ጋቢ እየጣሉ በወባ የወደቁት ብዙ ነበሩ። የቀረውን አጎቴ በመቀነቱ ቋጠረ፤ እኔም ተከትዬው ሄድሁ። ግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ በሩጫ ሄድን። ግማሹ መድኃኒት ይበቃት እንደሆነ አናውቅም። ከቤቱ አጥር ስንደርስ ዞር አለ።

«አንዲት ፊደል ብትጎድል ምን ይሆን ነበር?»

«ግጥሙ ያነክሳል፣ አጎቴ።»

«እና ያንክሳ!» አለና ገባ።

ሚስቱ ዳነች፤ ሁለት ሳምንት ፈጀባት። ነገሩን ከነገርናት በኋላ ወደ ዛፉ ካልወሰዳችሁኝ አለች። ተቆጪዋ የእኔ ፈጠራ እንደሆነች፣ ቤት ጎድሎብኝ እንደጨመርኋት አስረዳኋት።

«ማነው ያጎደለብህ?» አለችኝ።

«ማንም፣ እታለም። ቁጥሩ ነው።»

«ቁጥሩንስ ማን አጎደለው?» ብላ ነጠላዋን አነሣች።

ከኪኒኑ አንዲት ፍሬ አስቀርታ ኖሯል። በጨርቅ ጠቅልላ ከዛፉ ሥር አኖረችው። አጎቴ ይህን በሰማ ጊዜ እንደዚያ ቀን ያለ ቁጣ ተቆጣ፤ ሦስት ቀን አፈር የቆፈረበት ኪኒን ነውና በማግሥቱ በጧት ሊመልሳት ሄደ። ጨርቁን አገኘው፤ ፍሬዋ የለችም።

«ጉንዳን እንደሆን ኪኒን አይበላም» እያለ ተመለሰ።

ሚስቱ ፈገግ አለች። በዚያው ሳምንት ጎጃሜው ተኳሽ ከወባው ተነሥቶ ስለ ተቆጪዋ ኃይል ለመጣው ለሄደው ሁሉ ሲመሰክር ሰማሁት። በየዐረፍተ ነገሩ መካከል ግን ምላሱን እያወጣ በጋቢው ጫፍ ይጠርግ ነበር።